ዓይኑ እንደተከፈተ

«አባ! አባ! ገደል!»

ሁስኒያ መጮኋን ያወቀችው ድምፅዋ ከጉሮሮዋ ከወጣ በኋላ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት በጉም ውስጥ ቀስ እያለ ሲወጣ የነበረው ከባድ መኪና ማዞሪያውን ትቶ በቀጥታ ወደ ጠርዙ እየሄደ ነበር። አባቷ ሱሩር መሪውን በሁለት እጁ ይዟል። ዓይኑ ተከፍቷል፤ ፊት ለፊቱን ያያል። ግን አይጠመዝዝም።

ጩኸቷን ሲሰማ በጥፊ እንደተመታ ሰው ተወራጨ። መሪውን ወደ ውስጥ ሳበ፣ ፍሬኑን ረገጠ። ተሳቢው ከኋላ እየተንገጫገጨ ተከተለ። መኪናው ጠጠሩን ወደ ገደል እያራገፈ ጠርዙ ላይ ቆመ። በሩን ተደግፎ እንቅልፍ የወሰደው ረዳቱ ሞላ ጭንቅላቱን ከመስታወቱ ጋር አጋጭቶ ነቃ።

«ምንድን ነው? ጎማ ነው?»

«ምንም አይደል። ተኛ» አለው ሱሩር።

ሞላ መልሶ ለመተኛት ጊዜ አልፈጀበትም። ሁስኒያ ወደ አባቷ ዞረች።

«ተኝተህ ነበር» አለችው በሹክሹክታ።

«ማን? እኔ? ዓይኔ ተከፍቶ አላየሽም?» አለ ሱሩር። ድምፁ ከፍ አለ። «ሰው ዓይኑን ከፍቶ ይተኛል እንዴ? ጉሙ ነው! ጉሙ ጋረደኝ!»

«እሺ አባ።»

«ለእናትሽም ሆነ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ። ወላሂ በዪ።»

«አባ፣ እኔ እኮ...»

«ወላሂ በዪ ብያለሁ!»

«ወላሂ» አለች ሁስኒያ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እንደ ድንጋይ ከበዳት።

ዘመኑ ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነበር። ዝናቡ ከቀረ ሰንብቷል፤ ድርቁ ከቀዬው ያፈናቀለው ሕዝብ በየመንገዱ ዳር በድንኳን ሰፍሯል። የእርዳታው እህል በመርከብ አሰብ ይደርሳል። ከዚያ በረሃውን አቋርጦ፣ ባቲን አልፎ ኮምቦልቻ የሚያደርሱት እነ ሱሩር ናቸው። አንዱ ጭነት ደሴ ይወጣል፣ ሌላው ወደ ሰሜን ይቀጥላል። ሾፌሮቹ አራግፈው ወገባቸውን ሳያሳርፉ ተመልሰው አሰብ ይወርዳሉ። ጫት ይቅማሉ፤ ፊታቸውን በውሃ ይመታሉ፤ በረሃው ላይ ድምፃቸው እስኪዘጋ ያንጎራጉራሉ። መተኛት እንደ ነውር ተቆጥሮ ነበር። ከሪማ፣ የሁስኒያ እናት፣ ባሏን አንድ ቀን እንዲያድር ስትለምነው የሚመልስላት ሁልጊዜ ያው ነው።

«እኔ በተኛሁ ቁጥር እዚያ ድንኳን ውስጥ አንድ ሰው ይሞታል። እንዴት ብዬ ልተኛ?»

ስለዚህ እናትየዋ ቅዳሜ ቅዳሜ ንጹሕ ልብስ አጣጥፋ ለልጇ ትሰጣታለች፤ ሁስኒያም ከደሴ በአውቶቡስ ኮምቦልቻ ወርዳ፣ መኪናዎቹ የሚያድሩበት ግቢ ገብታ፣ ለአባቷ ታደርስለታለች። የዚያን ቀን ጭነቱ የደሴ ስለነበር ነው ጋቢና ውስጥ አብራው የተገኘችው።

ሱሩር ድሮ እንዲህ አልነበረም። ከመንገድ ሲመለስ ጡሩምባውን ከሩቅ እያስጮኸ ሰፈሩን የሚያነቃቃ፣ ከልጆች ጆሮ ውስጥ ከረሜላ «የሚያወጣ» ሰው ነበር። ከሐረጎ ገደል በተረፉበት ምሽት ግን ታናሽ ወንድሟ በሺር የአባቱን ጫማ ሊያነሣ ጎንበስ አለና፣ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጥመው ፈገግ አለለት። ሱሩር ከመደቡ ዘሎ ተነሣ።

«በማን ላይ ነው የምትስቀው? በኔ ላይ?»

«አልሳቅኩም አባ...» ልጁ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

ከሪማ በመሐል ገባች። «ኧረ በአላህ ሱሩር! ስላየህ ደስ ብሎት እኮ ነው!»

ሱሩር ለመምታት የተነሣች እጁን አየት አደረጋት፤ የሌላ ሰው እጅ ትመስል ነበር። ተመልሶ ተቀመጠ። ጎሕ ሲቀድ ደግሞ ወደ አሰብ ሄደ። በሺር በማግስቱ እህቱን፣ «አባ ጠላኝ እንዴ?» ብሎ ሲጠይቃት ሁስኒያ ስለ ሐረጎ ልትነግረው ቃጣት፤ ግን መሐላውን አስባ ተወችው።

በዚያው ሳምንት የሁስኒያ የሳይንስ መምህር አንዲት እንግዳ ይዘው ዘጠነኛ ክፍል ገቡ። እንግዳዋ ዶክተር ሥርጉት ይባላሉ፤ አጠር ያሉ፣ ፈጠን ብለው የሚናገሩ፣ ሃንጋሪ ሄደው የአንጎል ሕክምና የተማሩ ሴት ናቸው። ሰሌዳው ላይ በጠመኔ አንድ ትልቅ ጭንቅላት ሳሉ፤ ከጭንቅላቱ ብዙ ሽቦ አወጡ፤ ሽቦዎቹን ወደ አንድ ሳጥን አስገቡ።

«አንጎላችን ሲሠራ በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ያመነጫል» አሉ። «እኔ ያመጣሁት መሣሪያ ያቺን ኤሌክትሪክ በራስ ቆዳ ላይ ይለቅምና በብዕር ወረቀት ላይ ይጽፋታል። የነቃ አንጎል አጻጻፉ ሌላ ነው፤ የተኛ አንጎል አጻጻፉ ሌላ ነው። አሁን የማጠናው እንቅልፍ ያጡ ሾፌሮችን ነው። እንቅልፍ ሲያጡ አንጎላቸው ምን ይሆናል? ቁጣቸው፣ ፍርሃታቸው፣ ደስታቸውስ ምን ይሆናል?»

ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ዶክተር፣ ሰው የሚያስበውንም ያነባል?»

ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ ግን አልሳቁም፤ ወደ በሩ ተመለከቱ። በዚያን ጊዜ ሰው የሚያስበው ነገር ቀልድ አልነበረም።

«አያነብም» አሉ ዶክተር ሥርጉት ረጋ ብለው። «ንቁ መሆንህን ያውቃል። ምን እንደምታስብ ግን ሊያውቅ አይችልም።»

ደወል ሲደወል ሁስኒያ ተማሪው እስኪወጣ ጠበቀችና ተጠጋቻቸው።

«ዶክተር፣ ሰው ዓይኑን ከፍቶ ሊተኛ ይችላል?»

ዶክተሯ ደብተራቸውን ማጣጠፍ ትተው ቀና አሉ። «ይችላል። ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው፤ ሰውየው ራሱ አያውቀውም። ብትጠይቂው ‹አልተኛሁም› ብሎ ይምልልሻል፤ ሲምልም እየዋሸ አይደለም። ለምን ጠየቅሽኝ?»

እየዋሸ አይደለም። ሁስኒያ ይህችን ቃል ደጋግማ በልቧ አለቻት። አባቷ አልዋሻትም ማለት ነው። ሁሉንም ልትነግራቸው አፏን ከፈተች፤ «ወላሂ» ያለችው ትዝ ሲላት መልሳ ዘጋችው።

«አባቴ ሾፌር ስለሆነ ነው» አለች በመጨረሻ።

«እንግዲያው አምጪልኛ!» ዶክተሯ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ ጠፋ። «መሣሪያውን ኮምቦልቻ የሾፌሮቹ ግቢ ውስጥ ተክዬ ሰነበትኩ። አንድ ሾፌር እንኳ ሊቀመጥልኝ ፈቃደኛ አልሆነም። ባለፈው ከባቲ በታች የወደቀውን ጀላል የሚባል ሾፌር ታውቂዋለሽ?»

«የአባቴ ጓደኛ ነበር። ፍሬን እምቢ ብሎት ነው አሉ።»

«መኪናውን ያነሡት ሰዎች ፍሬኑ ደህና ነው ብለውኛል» አሉ ዶክተር ሥርጉት።

ሁስኒያ ወደ ቤቷ ስትሄድ የፒያሳን ሕዝብ አላየችም፤ የጠራት ሰው ድምፅም አልተሰማትም። ምላ ነበር፤ መናገር አትችልም። ዝም ብትል ደግሞ አባቷ እንደ ጀላል ሊሆን ይችላል። እቤቷ በር ስትደርስ አንድ ነገር ታያት፤ መሐላው የያዘው ምላሷን ብቻ ነው። ጭንቅላቷን ማንም አላስማላትም።

ቅዳሜ ንጹሑን ልብስ ይዛ ኮምቦልቻ ወረደች። ግቢው ሞቋል። ሾፌሮቹ በመኪናዎቹ ጥላ ተኮልኩለዋል። ማዶ ካለው መጋዘን በር ላይ ዶክተር ሥርጉት ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው ቁም ሳጥን የሚያህል መሣሪያ፣ ሽቦዎቹ እንደ ጠጉር ተንጠልጥለው ይታያሉ። አባቷ ሱሩር ከአሰብ የገባው በዚያው ጠዋት ነበር፤ ዓይኑ በርበሬ መስሏል። ልብሱን ተቀበላት እንጂ ብዙም አላዋራትም።

የስምሪት ኃላፊው ጓድ ሸዋረጋ፣ ካኪ የለበሰ ወጣት፣ በግቢው መሐል ቆሞ ይጮኻል።

«ጓዶች! ይህ ሳይንስ ነው! ትእዛዝ ነው! አንድ በአንድ ትገባላችሁ!»

«በትእዛዝ የሚመጣ ሰው አልፈልግም» አሉ ዶክተሯ ከተቀመጡበት። «በፈቃዱ ካልሆነ ይቅር።»

ከሾፌሮቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ጋሽ ሀምዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ እንኳ ራሴን ያመመኝ ቀን ብቅ እላለሁ፣ ጓድ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለሱሩር፣ «ዛሬ ጭንቅላቴን ይጽፈዋል፣ ነገ ቀበሌ ያነበዋል። ምን በወጣኝ!» አሉት። ዙሪያቸው የተቀመጡት ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሁስኒያ ግቢውን አቋርጣ ወደ መጋዘኑ በር ሄደች።

«ዶክተር፣ እኔን ይለኩኝ።»

«ሁስኒያ!» አለ ሱሩር ከኋላዋ፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ ብቻ ሳይሆን ፍርሃትም ነበረበት። የሚፈራውን እሷ ብቻ ነበረች የምታውቀው።

«ሻሽሽን መጋዘኑ ውስጥ፣ ከተጋረደው መጋረጃ በስተኋላ እናወርደዋለን» አሉ ዶክተሯ። «ሽቦውን ካሰርኩልሽ በኋላ መልሰሽ ትለብሺዋለሽ።»

«ቆይ፣ ቆይ!» ጋሽ ሀምዱ ተነሡ። «እንዲህ ከሆነ በደንብ እንሞክረው። እኔ በጆሮዋ አንድ ነገር እላታለሁ። ዶክተሯ ከወረቀቱ ካነበቡት ሁላችንም ወደየመኪናችን እንሄዳለን።»

«ካላነበብኩትስ?»

«ካላነበቡትማ እኔ ራሴ ከሷ ቀጥዬ እቀመጣለሁ!»

ከመጋረጃው በስተኋላ ዶክተሯ በቀዝቃዛ ቅባት ሳንቲም የሚያህሉ ብረቶችን ራሷ ላይ ለጠፉባት። ሁስኒያ ሻሿን አጥልቃ፣ ሽቦዎቹ ከጀርባዋ ወርደው፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ሾፌሮቹ ሳያውቁት ከጥላቸው ወጥተው በሩን ሞልተውት ነበር። መሣሪያው ጉር አለ። ወረቀቱ መሮጥ ጀመረ፤ ብዕሮቹ እንደ ነፍሳት እግር ተንቀጠቀጡ።

አሁን ፍርሃቱ መጣባት። ዶክተሯ አያነብም ብለዋል፤ ግን ቢያነብስ? ሐረጎን አላስብም አለች። ጉሙ መጣ። ገደሉን አላስብም አለች። ጠጠሩ ሲራገፍ ሰማችው። ስለ ትምህርት ቤት ልታስብ ሞከረች፤ የአባቷ የተከፈተ ዓይን ብቻ ይታያታል። ይህ ሁሉ እዚያ ወረቀት ላይ ወጥቶ ቢሆን በጓድ ሸዋረጋ ፊት የአባቷ ነገር አለቀ ማለት ነው። እንደዚያም ሆኖ ከወንበሩ አልተነሣችም።

«ዓይንሽን ጨፍኚ» አሉ ዶክተሯ። ስትጨፍን ብዕሮቹ ጸጥ ያለ፣ የተስተካከለ ሞገድ ይስሉ ጀመር። «ክፈቺ።» ሞገዱ ጠፋ። በሩ ላይ የቆሙት «ያረቢ!» አሉ።

ጋሽ ሀምዱ ጎንበስ ብለው ወደ ጆሮዋ ተጠጉ። «ጓድ ሸዋረጋ እንደ ወፍጮ ያንኮራፋል» አሏት በሹክሹክታ።

ጓድ ሸዋረጋ ከጎናቸው፣ ሁለት እርምጃ ርቆ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። ሁስኒያ ጥርሷን ነከሰች። ብዕሮቹ በአንድ ጊዜ ዘለሉ፤ ወረቀቱን አጠቆሩት።

ዶክተር ሥርጉት ወረቀቱን ዘርግተው በጣታቸው እየተከተሉ አዩት። «ይህቺ ልጅ ንቁ ናት» አሉ። «እዚህ ጋ ብዕሮቹ የዘለሉት ጥርሷን ስለነከሰች ነው። የጉንጭ ጡንቻ ነው፤ አንጎል አይደለም። ሳቅ እያፈነች ይመስለኛል። ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም።»

«በቃ?» አሉ ጋሽ ሀምዱ።

«በቃ።»

«ወላሂ?»

«ይህን መሣሪያ የሠሩት ሰዎች ቢመጡም ከዚህ በላይ አያውቁም።»

ጋሽ ሀምዱ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሳቃቸው ግቢውን አዳረሰው። ጓድ ሸዋረጋ ግራ ገባው። «ምንድን ነው ያልካት?»

«ጓድ፣ ያ ሁሉ ሽቦ ያላወቀውን እኔ ከየት አውቀዋለሁ!»

የሳቁ ማዕበል ሁስኒያንም ይዟት ሄደ። ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር በአንድ ጊዜ ቀለላት፤ መሣሪያው ሐረጎን አላየም። የአባቷ ምስጢር የአባቷ ነው።

ጋሽ ሀምዱ ቃላቸውን ጠበቁ። ሽቦው ታሰረላቸው፤ ትንሿ ቀይ መብራት ስትበራ ቁልፉን እንዲጫኑ ተነገራቸው። ትናንት እረፍት ስለነበሩ ጠግበው ተኝተዋል፤ አንዲትም መብራት አላመለጠቻቸውም። ዶክተሯ የሰዎች ፎቶግራፍ ሲያሳዩአቸውም፣ «ይሄ ተቆጥቷል፣ ይቺ አዝናለች፣ ይሄ ምንም አልሆነም» እያሉ አንድም ሳይስቱ ተናገሩ። ከወንበሩ ሲነሡ እንደ ሙሽራ ኮሩ።

«ና ሱሩር! ልጅህ የተቀመጠችበት ወንበር አይበላህም!»

ሱሩር ሁስኒያን አያት። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። ቆቡን አውልቆ ተቀመጠ።

መጀመሪያ ደህና ነበር። መብራቷ ትበራለች፣ ይጫናል። ትበራለች፣ ይጫናል። ከዚያ ብዕሮቹ ዝግ አሉ። ሰፋፊ፣ ሰነፍ ሞገድ መሳል ጀመሩ። መብራቷ በራች። ሱሩር ዓይኑን ከፍቶ በቀጥታ ያያታል፤ ጣቱ ግን ቁልፉ ላይ እንዳለ አልተንቀሳቀሰም። መብራቷ ጠፍታ እንደገና በራች። በሩ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ያያል፤ እሱ ብቻ አያይም። አንድ ሾፌር «አስተግፊሩላህ» አለ። ብዕሮቹ እንደገና ሲፈጥኑ ሱሩር ምንም እንዳልተፈጠረ ቁልፉን ተጫነ።

«ያመለጠዎት መብራት አለ?» አሉ ዶክተሯ።

«የለም። ሁሉንም ተጭኛለሁ።»

ማንም አልሳቀም። ሱሩር ዞር ብሎ የጓደኞቹን ፊት አየ። «ምን ሆናችኋል?»

«ወንድሜ» አሉ ጋሽ ሀምዱ፤ የቅድሙ ሳቅ ከድምፃቸው ጠፍቷል፤ «ዓይንህ እንደተከፈተ ሄደህ ነበር።»

ዶክተሯ ፎቶግራፎቹን አወጡ። የመጀመሪያው አንድ ልጅ ነው፤ ፈገግ ብሎ ወደ ፊት ያያል።

«ይሄ ያሾፋል» አለ ሱሩር። ቀጥሎ አንዲት ጸጥ ያለች ሴት ታየችው። «ይቺ ደግሞ ተቆጥታለች።»

«አልተቆጣችም ሱሩር» አሉት ጋሽ ሀምዱ ቀስ ብለው። «ምንም አልሆነችም። ልጁም ደስ ብሎት ነው።»

«እንቅልፍ ያጣ አንጎል መንገድ ብቻ አይደለም የሚስተው» አሉ ዶክተር ሥርጉት። «የሰው ፊትም ይስታል። ሰላሙን ሰው ጠላት ያደርግበታል። ሰውየው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ስለደከመው ነው።»

ሱሩር የልጁን ፎቶግራፍ ተቀብሎ ብዙ ጊዜ አየው። ሁስኒያ ማንን እያየ እንደሆነ አወቀች።

«በሺር» አለ ለራሱ። ከዚያ ሽቦዎቹ ራሱ ላይ እንዳሉ ወደ ሾፌሮቹ ዞረ። «ስሙኝማ። ሐረጎ ላይ ገደል ልገባ ነበር። ይህቺ ልጅ ጮኻ ነው ያተረፈችኝ። እኔ ግን ጮህኩባት፤ እንዳትናገር በወላሂ አሰርኳት። ዛሬ ፈታኋት። ጀላልም ፍሬን አይመስለኝም። እንደኔ ሆኖ ነው።»

ጓድ ሸዋረጋ ፊቱ ተለዋወጠ። «እንግዲያው ይህ ሰው ከዛሬ ጀምሮ አይነዳም። መንጃ ፈቃዱን...»

«የኔንም ያዘው» አሉ ጋሽ ሀምዱ።

«አንተ እኮ ደህና ነህ ተብለሃል!»

«ዛሬ ተኝቼ ነው። ከአሰብ ስመለስ ለካኝና ታየኛለህ።»

«የኔንም» አለ ሌላ ሾፌር። አንዱ ቆቡን አውልቆ ከወንበሩ ኋላ ተሰለፈ። ሌላው ተከተለው። ጠዋት በትእዛዝ ያልመጡት ሁሉ አሁን ማንም ሳያዛቸው ሰልፉን እስከ ግቢው በር አደረሱት። የሁሉንም ፈቃድ ቢነጥቅ እህሉን ማን ያጓጉዛል? ጓድ ሸዋረጋ ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር አየውና ድምፁ ወረደ።

«ሕዝቡ እየተራበ እኮ ነው። እኔስ ምን ላድርግ?»

«ገደል የገባ መኪና ማንን ያበላል?» አለች ሁስኒያ። መናገሯን እሷም አላወቀችም። ሁሉም ወደሷ ሲዞር አፈረች፤ ግን ቀጠለች። «አንዱ ሲተኛ ሌላው ይንዳዋ። መኪናው አይተኛም፤ ሰው ነው የሚተኛው።»

ሱሩር ሳቀ። የድሮ ሳቁ ነበር፤ ሁስኒያ ከሰማችው ወራት አልፏል።

ነገሩ በአንድ ቀን አልተጠናቀቀም። ዶክተር ሥርጉት የሾፌሮቹን ሁሉ ወረቀት ጠቅልለው አዲስ አበባ ወሰዱ፤ የትራንስፖርት ኃላፊዎች በተሰበሰቡበት ክፍል ወለሉ ላይ ዘረጉት። የሱሩር ሞገድ ሰነፍ የሆነበትን ቦታ ሲያሳዩ መብራቷ የበራችበት ምልክት ከሥሩ ነበር። ጓድ ሸዋረጋም አብሮ ሄዶ መሰከረ። ከዚያ ኮምቦልቻ ግቢ ውስጥ ያ መጋዘን ተጠርጎ አልጋ ገባበት። ከአሰብ የመጣ ሾፌር መሪውን ተኝቶ ለተነሣ ሾፌር ያስረክባል፤ ሳይተኛ ቁልፍ አይሰጠውም። ተጨማሪ ሾፌሮች ከሌላ ቦታ ተመደቡ። እህሉ ይዘገያል ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ አልዘገየም። እንዲያውም ቀድሞ ገባ፤ በመንገድ የሚቀር መኪና አልነበረማ። ያ ክረምት ሲያልፍ ከዚያ ግቢ ወጥቶ ያልተመለሰ አንድም ሾፌር አልነበረም። ሾፌሮቹ ዶክተሯን ሲሸኙ ጡሩምባቸውን በአንድ ላይ አስጮኹት፤ የኮምቦልቻ ሰው ምን መጣ ብሎ ከየቤቱ ወጣ።

ሱሩርም ወደ ራሱ ተመለሰ። በሺር ጆሮ ውስጥ እንደገና ከረሜላ ይገኝ ጀመር፤ ልጁ አድጌያለሁ ብሎ ቢከራከርም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱሩር ከመንገድ ገብቶ፣ ታጥቦ፣ ዙሁር ሰግዶ ጋደም ካለ ብዙም አልቆየም፤ ከሪማ ገበያ ወጥታለች። የሰፈሩ ልጆች ከግድግዳው ሥር ኳስ ይጫወታሉ። ሁስኒያ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ስታጠና አንድ ጂፕ መንገዱ አፍ ላይ ቆመ። ጓድ ሸዋረጋ እየተጣደፈ ወረደ።

«ሁስኒያ፣ አባትሽ አለ? ቶሎ ቀስቅሺልኝ። አንድ ሾፌር ታሞብኝ ጭነት ቆሟል።»

ሁስኒያ ተነሥታ ቆመች። የሚያዝዛት የስምሪት ኃላፊ ነው፤ ጭነቱም የተራበ ሰው እህል ነው። ከኋላዋ፣ በበሩ ክፍተት፣ የአባቷ እስትንፋስ ይሰማል፤ ረጋ ያለ፣ ረጅም።

«ተኝቷል» አለች።

«አውቃለሁ እኮ! ለዛሬ ብቻ ነው። እሱ እምቢ አይለኝም።»

«አይልዎትም። ለዚህ ነው የማልቀሰቅሰው።»

ጓድ ሸዋረጋ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ልጅቷን አያት፤ በሩን አየ። ዓይኑን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ፤ እሱም ከተኛ የሰነበተ አይመስልም ነበር።

«ጋሽ ሀምዱ ትናንት እረፍት ነበሩ» አለች ሁስኒያ ለስለስ ብላ። «ቤታቸውን ላሳይዎት እችላለሁ።»

«ቤታቸውን አውቀዋለሁ» አለ። «ሲነሣ ሰላም በዪልኝ» ብሎ ተመለሰ። ጂፑ ውስጥ ሲገባ በሩን ሳይወረውር ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ሁስኒያ ጂፑ እስኪርቅ ጠበቀች። ከዚያ ወደ ልጆቹ ሄዳ ኳሳቸውን በእግሯ አስቆመች።

«ታች ሜዳው ላይ ተጫወቱ» አለቻቸው። «ሰው ተኝቷል።»